የግራዝማች ደባልቄ ጉልበት

በዋንዛ በር አገር፣ ሰው በልመናና በውዳሴ ተሸንፎ ራሱን ሲጎዳ የሚነገር አንድ አባባል አለ። አባባሉን የማያውቅ የለም፤ መነሻው ሲጠየቅ ግን አገሩ ለሁለት ይከፈላል።

ላይ ሰፈሮች «ግራዝማች ደባልቄ በሰው እጅ ነው የተጠቃው» ይላሉ። እንደ እነሱ አነጋገር፣ ባሻ ቸኮል የሚባለው ጎረቤቱ ቆላ ወርዶ መተተኛ አማከረ፤ በጠጁ ውስጥም አንዳች ነገር ጨመረበት፤ የግራዝማች ጉልበት በዚያው ታሰረ። ታች ሰፈሮች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። «በጠጁ ውስጥ ከጠጅ በቀር፣ በሥጋውም ውስጥ ከጨውና ከበርበሬ በቀር ምንም አልነበረም፤ ሰውዬውን ያሰረው የገዛ ጉሮሮው ነው» ይላሉ።

ላይ ሰፈሮች የግራዝማች ዘመዶች ናቸውና ለሥጋቸው ቢያደሉ አይፈረድባቸውም። ታች ሰፈሮችም የባሻ ቸኮል ዘመዶች ስለሆኑ ሳቃቸው ሁሉ የእውነት ፍቅር ነው ማለት ያስቸግራል። ነገሩን ከምድጃው ጀምሮ እስከ ድንበሩ ድረስ በዓይኗ ያየች አንዲት ሴት ግን ነበረች፤ የግራዝማች ሚስት ይርገዱ። ታሪኩን ከእሷ ጎን ቆሞ ማየት ይሻላል።

ግራዝማች ደባልቄ ሪህ ነበረበት። በሽታው ሲነሣበት መጀመሪያ የእግሩ አውራ ጣት እንደ በርበሬ ዛላ ይቀላል። ከዚያ ጉልበቱ ያብጥና ይግላል፤ ያን ጊዜ ነጠላ እንኳ ቢያርፍበት ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። ለጠየቀው ሁሉ «የዘመቻ ብርድ ነው፤ ሜዳ ለሜዳ ስናድር የገባብኝ» ይል ነበር። ይርገዱ ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። ከተጋቡ ጀምሮ ባሏ ከሙክት ጎድን በቀር ከምንም ጋር ሲፋለም አላየችም።

በእርግጥም በዚያ ጦር ሜዳ የሚያህለው አልነበረም። ዱለት ሲቀርብ ጨዋታው ይቋረጣል። ጥሬ ሥጋ ሲያይ ነጠላውን ወደ ኋላ ጥሎ እጅጌውን ይሰበስባል። ጠጁንም እስከ አተላው ነው የሚጠጣው። በማግስቱ ጣቱ ሲቀላ «ትናንት ዝናብ ሊመጣ ብሎ ነበር» ይላል፤ በበጋም ቢሆን።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ሥጋውም ቅቤውም እንደ ደንቡ ከቤት ወጣ። ጠጁም ያለ ሥጋ አልጥም ስላለው ራሱ ተወው። ይርገዱ ከእናቷ የተማረችውን ሁሉ ለዚያ ጉልበት አዋለችው። ተልባውን ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ በውሃ በጥብጣ ታጠልለዋለች። ዝንጅብልና እርድ ቀቅላ ሙቁን ታጠጣዋለች። ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት ታበዛበታለች። ሲመሻሽ የጉሎ ቅጠል በፍም አሙቃ ጉልበቱን ትጠቀልልለታለች። እሱ «አቃጠልሽኝ! ገደልሽኝ!» እያለ ይሳደባል፤ እሷ ቅጠሉን ትለውጣለች። እብጠቱም ቀስ በቀስ ሟሸሸ። ደብረ ዘይት ሲደርስ ሰውዬው ከዘራውን ጣለ። ለሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ሄዶ፣ ቅዳሴውን ቆሞ አስቀድሶ፣ በእግሩ ተመለሰ።

«አየሽ የደባልቄን አጥንት?» አላት እቤት ሲገባ፣ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ።

«ተልባው ነው እንጂ፤ ጾሙ ነው እንጂ» አለች ይርገዱ።

«ተልባ! ተልባማ ለወፍ ነው የሚሰጥ።»

ጉልበቱ በዳነበት ሰሞን ነው የመሬቱ ነገር ለፍርድ የቀረበው።

ይርገዱ ከአባቷ የወረሰችው መሬት ከዋርካው ተነሥቶ በቦረቦሩ አፋፍ ተሻግሮ ምንጩ ዘንድ የሚያልቅ ቀጭን ርስት ነው። ምንጩ ባይኖር መሬቱ ጭንጫ ነው፤ ፍየል እንኳ ጥርሷን አታሻሽበትም። ጎመኑ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ፌጦው፣ የላሞቹም መጠጥ ከዚያች ምንጭ ነው። የባሻ ቸኮል መሬት ከእሷው ጋር ይዋሰናል። አባቷ ከሞቱ በኋላ «ርስታችሁ ቦረቦሩ ላይ ያበቃል፤ ምንጩ የእኔ ነው» ብሎ ተነሣ። ነገሩ ከሽማግሌዎች ፊት ደረሰ።

የዋንዛ በር ሰው እንዲህ ላለው ክርክር የቆየ ዳኝነት ነበረው። «የእኔ ነው» የሚለው ወገን ከርስቱ የተቆረጠ ሣር ያለበት አፈር በትከሻው ተሸክሞ፣ በሽማግሌዎች ፊት ድንበሩን ከመነሻ እስከ መጨረሻ በእግሩ ይረግጣል። አፈር ተሸክሞ የሚዋሽ ያው አፈር ይጫነዋል ይባላል። እስከ መጨረሻው ከረገጠ ርስቱ ይጸናለታል። መንገድ ላይ ልቡ ፈርቶም ሆነ ጉልበቱ ከድቶት ከቆመ ግን ድንጋይ የሚተከለው እዚያው ነው። እግሩ የቆመበት ድንበሩ ነው።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አያ ዘገየ ነበሩ። «እንግዲህ ርስቱ የእናንተ ነው ካላችሁ፣ ማን ይረግጣል?» ብለው ጠየቁ።

ይርገዱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ያ ድንበር ከአባቷ ኋላ እየተከተለች ያደገችበት ነው።

«እኔ እ...» ከማለቷ ግራዝማች ቀደማት።

«ቁጭ በይ አንቺ! ባል እያለ ሚስት ድንበር ስትረግጥ የት ታይቷል? እኔ ደባልቄ እረግጣለሁ! በሽማግሌው ጉባኤ ፊት፣ በእግሬ!»

«መልካም» አሉ አያ ዘገየ። «እንግዲያው ጾሙ ሳይፈታ በዚህ ሳምንት ይሁን።»

«በሕማማት? በጾም የደከመ ገላ ይዤ? የለም! ከፋሲካ ሦስት ሳምንት አልፎ፣ ለርክበ ካህናት ይቀጠርልኝ። በጎመን ጉልበቴ እንዲህ ከሆነ፣ ፋሲካን በልቼበትማ እንደ ሰጋር በቅሎ ነው የምሆን።»

አያ ዘገየ ጺማቸውን አሻሹ። እሳቸውም በጎልማሳነታቸው ያ በሽታ ነበረባቸው። «ስማኝ ደባልቄ» አሉ። «ሪህ ጾም ሲገባ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ጾም ሲፈታ እሱም ከሰው እኩል ተነሥቶ ይበላል። እኔ ከዚህ ደዌ የዳንኩት ሥጋና ጠጅ ትቼ ነው። ቀኑ እንዳልከው ይሁን፤ እስከዚያ ድረስ አፍህን ያዝ።»

«እይዛለሁ! በቤቴ ሥጋና ጠጅ አይገባም። ይኸው ሕዝቡ ይስማኝ!»

ሕዝቡም ሰማ። ባሻ ቸኮል ደግሞ ከሁሉም አጥብቆ ሰማ፤ «በቤቴ» የምትለዋንም ያስተዋላት እሱ ነው።

ፋሲካ ሆነ። ግራዝማች ቃሉን ጠበቀ፤ ቤቱ ሥጋ አልገባም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርድ እሱ የገብስ ቅንጬውን በወተት እየበላ፣ ቀና ብሎ አየሩን ያሸታል። «የማን ቤት ነው ጥብሱ?» ይላል። ይርገዱ «የሰው ቤት ነው» ትለዋለች። እንዲህ ሆኖ ፋሲካ ዋለ።

በማግስቱ፣ በማዕዶት፣ ባሻ ቸኮል ነጭ ለብሶ ከደጃቸው ደረሰ።

«እንኳን አደረሳችሁ! ጌታዬ ግራዝማች፣ ጠብ የፍርድ ነው፤ ፋሲካ ደግሞ የእግዜር ነው። ተኳርፈን በዓሉን ብናሳልፈው ኃጢአቱ ለማን ይቀራል? ቤቴን ይባርኩልኝ። እመይቴም አይቀሩም።»

ሰውዬው ደጁን እንደ ተሻገረ ግራዝማች ሚስቱን በክርኑ ጎሸማት። «ፈራ! አየሽ ሲርበተበት? ምንጩን ሊለቅ ነው።»

«ይህ ሰው አባቴ ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ አልደረሰም። ዛሬ ምን አስታወሰው?»

«የኔ ግርማ ነዋ!»

ሄዱ። ባሻ ቸኮል ለዚያ ቀን ያላረደው አልነበረም። ግራዝማችን ከመደቡ ራስጌ አስቀምጦ ጉበቱን፣ ኩላሊቱን፣ ዱለቱን ከፊቱ ደረደረው። ይርገዱ ከሴቶቹ ወገን ተቀምጣ የባሏን ዓይን ትመለከት ነበር። ዓይኑ ጠቦ ነበር።

«ኧረ እኔስ በመድኃኒት ላይ ነኝ» አለ ግራዝማች፤ ድምፁ ግን ደካማ ነው። «ተልባ ነው የምጠጣው። አልበላም።»

«አንዲት ጉርሻ!» አለ ባሻ ቸኮል ዱለቱን ጠቅልሎ።

«አይሆንም፣ ባሻ።»

«በሞቴ!»

ግራዝማች ወደ ሚስቱ ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ እንደ ተገደደ ሰው። ከዚያ አፉን ከፈተ። የዚያን አፍ ስፋት ይርገዱ ከዚያ ወዲህ ባሏን ባየች ቁጥር ታስታውሰዋለች።

«አንድ ያጣላል!» አለ ባሻ ቸኮል። «አፈር ስሆን፣ ሁለተኛዋን!»

ሁለተኛዋ ገባች። ሦስተኛዋ በባሻ ሚስት ሞት ገባች። ጠጁ በሟች አባቱ ነፍስ ተቀዳ። ከዚያ በኋላ ማን በማን እንደ ማለ የሚቆጥር አልነበረም፤ ግራዝማች ነጠላውን ወደ ኋላ ጥሎ ነበርና።

ወደ ቤት ሲመለሱ ይርገዱ እስከ ቦረቦሩ ድረስ ከፊት ከፊት ሄደች። እሱ ነው የጀመረው።

«ምን ላድርግ? በሞቴ አለኝ እኮ! ሰው ሞቱን ጠርቶ እምቢ ልበለው?»

«ይሙታ!» አለች ይርገዱ።

«እንዴት ያለሽ ጨካኝ ነሽ! ለአንዲት ጉርሻ ብዬ ሰው ልግደል?»

«ለአንዲት ጉርሻ ብለው የአባቴን ምንጭ ሊገድሉ ነው እኮ!»

«ቃሌ በቤቴ ነው። በቤቴ ሥጋ ገባ? አልገባም። ይልቅ ተልባውን ዛሬ እጥፍ አድርጊልኝ።»

«ተልባው ምን ሊያደርግልዎ?»

ግራዝማች በዚህ ጊዜ ያስረዳት ነገር፣ ይርገዱ ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገረው የኖረችው ነው። «ተልባ ያሟልጫል አይደል?» አላት። «እንግዲያው ሥጋው በሆዴ ሲያልፍ በተልባው ይሟልጣል። ወደ ጉልበቴ የሚወርድበት ጊዜ አያገኝም። እናንተ ሴቶች መድኃኒቱን ታውቃላችሁ፤ አሠራሩን ግን አታውቁትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ መልክ ያዘ። ጧት እቤቱ ተልባ፣ ዝንጅብልና እርድ ይጠጣል። ከቁርስ በኋላ ጉልበቱን በፌጦ ታሽቶ ይወጣል። ሲመሽ ከባሻ ቸኮል ቤት ከንፈሩ ወዝቶ ይመለሳል። ሃምሳው ሳያልቅ ረቡዕም ዓርብም አይጾምምና ባሻ ቸኮል የሚያቋርጥበት ምክንያት አልነበረውም። በልጆቹ ሞት፣ በእናቱ መቃብር፣ በታቦቱ ስም እየማለ ያጎርሰዋል። ግራዝማችም ለሁሉም ሞት ይታዘዛል።

ብዙ ሳይቆይ መጋበዙም ቀረ፤ ሰውዬው ራሱ ይሄድ ጀመር። አንድ ቀን ባሻ ቸኮል በሥራ ተጠምዶ ሥጋውን አቅርቦ ዝም አለው ይባላል። ግራዝማች ሥጋውን አየ፤ ባሻን አየ፤ ሳይምሉበት መብላት ደግሞ ቃል ማፍረስ መሰለው።

«ምነው ባሻ» አለ በመጨረሻ፣ «ዛሬ ሞትህ የት ሄደ?»

ይህን የሰማችው ይርገዱ በማግስቱ ባሻ ቸኮልን ከአጥሩ በር ላይ አገኘችው።

«ምነው ባሻ፣ ከባሌ ምን አለህ? ጉልበቱን እያወቅህ?»

ባሻ ቸኮል አልሸሸም፤ አልተቆጣም። «እመይቴ» አላት፣ «ከጨውና ከበርበሬ በቀር የጨመርኩበት ነገር ካለ ታቦት ይፍረድብኝ። እንግዳ ሲመጣ ደጄን ልዝጋበት? አንድ ቀን አልበላም ብሎ ቢነሣ፣ እግሩን ይዤ አስቀምጬው አውቃለሁ? አፉን የሚከፍተው እሱ ነው።»

ይርገዱ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ዞረች። ነገሩ ተንኮል መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ሊከሰስ የሚችል ተንኮል አልነበረም። በየትኛው ሸንጎ ቆማ «ባሌን አበላብኝ» ትላለች? እሷን ያንገበገባት የባሻ ክፋት ሳይሆን ክፋቱ ያን ያህል ቀላል ሥራ መሆኑ ነው። አንድ ሙክትና አንዲት ቃል! ለዚህ ሰው መተተኛ ፍለጋ ቆላ መውረድ ምን ያደርጋል?

እቤት ስትመለስ ባሏን ለመጨረሻ ጊዜ ለመነችው። «እኔ ልርገጥ። አያ ዘገየ ዘንድ ሄደው ‹ጉልበቴ አያስተማምነኝም› ይበሉ። ነውር የለውም፤ ሕመም ነው።»

«ሞቼ ነው ቆሜ?» አለ ግራዝማች። «አገር ‹ደባልቄ ሚስቱን ላከ› ሊለኝ? ደግሞ ጣቴን እይው፤ ቀላ?»

አልቀላም ነበር። ያ ነው ያሳበደው። በየጧቱ ጣቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያይና «ተልባዬ!» ይላል፤ ለወፍ ነው ያለውን ተልባ። ሪህ እንግዳ አይደለም፣ ጥሪ አይጠብቅም፤ ግን እሱም የራሱ ቀጠሮ አለው።

ለርክበ ካህናት ዋዜማ ጣቱ ቀላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉልበቱ ተነፋ። ያን ዕለት በቤቱ ያልተወቀጠ ቅጠል፣ ያልተቀቀለ ሥር አልነበረም። ተልባው በቅል ተጠጣ። ፌጦው ተለጠፈ። የጉሎው ቅጠል እየተደራረበ ተጠቀለለ። ዝንጅብሉ በማር፣ ነጭ ሽንኩርቱ በጥሬው ተበላ። ጥቁር አዝሙዱ በዘይት ተቀባ። ሰውዬው የባልትና መደብ መሰለ፤ ሽታው ከደጅ ይሰማል። ጉልበቱ ግን አልሰማውም።

«መድኃኒትሽ አልሠራም!» ብሎ ጮኸባት።

«መድኃኒቱማ ሠርቷል» አለች ይርገዱ፣ የሞቀውን ቅጠል እያነሣች። «ያለ ዕረፍት ሲሠራ ነው የከረመው። የባሻ ቸኮልን ድግስ ብቻውን ሊችለው ነው ታዲያ?»

ሲነጋ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ግራዝማች በበቅሎ መጣ፤ ሲወርድ ፊቱ አመድ ሆነ። ካባውን ደርቧል፤ ከጉልበቱ ግን የጉሎ ቅጠል ጫፍ ወጥቶ ይታያል። አያ ዘገየ ቅጠሉን አዩት። ሣሩ ያለበት አፈር ተቆርጦ ትከሻው ላይ ተጫነ።

«እግዚአብሔር ይመልከት» አሉ። «ርገጥ።»

ረገጠ። ለእውነት ያህል፣ የመጀመሪያውን ማሳ ተሻገረ። ከዘራውን እየተከለ፣ ጥርሱን እየነከሰ፣ ላቡ በጺሙ እየወረደ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ከኋላው፣ ሰዉ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ይከተላል። ይርገዱ ከጎኑ ሆና በእያንዳንዱ እርምጃ አብራው ትንፋሿን ትይዛለች። በሰውዬው ስንት ጊዜ ተናዳ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን እግሩን ብቻ ነበር የምታየው። «በርታ» አለችው፤ እርስዎ ማለቷንም ረሳች። «ቦረቦሩን ብቻ ተሻገር።»

ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቁልቁለቱን አየና ዘገመ። ቆመ ለማለት ግን አይቻልም፤ አንዱ እግሩ ወደ ፊት ተነሥቶ ነበር።

ያን ጊዜ ባሻ ቸኮል ከሰዉ መካከል ወጣ። ድምፁ ለስላሳ፣ ፊቱ በሐዘኔታ የተሞላ ነው።

«ኧረ ጌታዬ ግራዝማች፣ እንዲህ እስኪሆኑ! ትንሽ ይረፉ እንጂ።»

«ተወኝ!» አለ ግራዝማች።

«በሞቴ! በሞቴ ይቀመጡ!»

ግራዝማች ደባልቄም ተቀመጠ።

ማንም ያላየው ነገር ነው እንዳይባል፣ ያየው አገር ነው። ልማድ ሆኖበት ይሁን፣ ሕመሙ ሰበብ ሲፈልግ የባሻን «በሞቴ» አግኝቶ ይሁን፣ ሰውዬው አፈሩን እንደ ተሸከመ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከተቀመጠ በኋላ ነው የደነገጠው።

«እግሩ ቆመ!» አለ ባሻ ቸኮል፣ አሁን በሌላ ድምፅ። «እግሩ የቆመበት ድንበሩ ነው! ድንጋይ አምጡ!»

«አልቆምኩም!» አለ ግራዝማች ሊነሣ እየታገለ። ጉልበቱ እምቢ አለው። እንደገና ሞከረ፤ ጮኸ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «ቃሬዛ! ቃሬዛ አምጡልኝ! ተሸክማችሁኝ ዙሩ፤ የምረግጠው እኔው ነኝ!»

«በማን እግር?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሰዉ ሳቀ። ላይ ሰፈሮችም ሳይቀሩ ሳቁ።

«ክቡር ሰው በሸክም ቢሄድ ምን አለበት? ሽማግሌ፣ ይፍረዱ! ቃሬዛው እኔን ይዞ ሲያልፍ እንደ ረገጥኩ ይቆጠርልኝ!» ይል ጀመር፤ እንባውም ይወርድ ነበር።

ይርገዱ ከፊቱ መጥታ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አፈሩን ከትከሻው አነሣችና በራሷ ትከሻ ላይ አደረገችው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለ ግራዝማች።

«የአባቴን ርስት ለቃሬዛ አልሰጥም» አለች፤ ለሽማግሌዎቹ ነበር የምትናገረው። «አፈሩ መሬት አልነካም። ከዚህ ወዲያ በእኔ እግር ነው።»

«አይሆንም!» አለ ባሻ ቸኮል። «እረግጣለሁ ብሎ የማለው ባሏ ነው! ሸንጎው የሚያውቀው እሱን ነው! አያ ዘገየ፣ ወይ ሰውዬው ይነሣ፣ ወይ ድንጋዩ ይተከል!»

«ይርገዱ! አታዋርጂኝ!» ብሎ ጮኸ ግራዝማች። «አገር እያየ! በሞቴ ተመለሺ! ስሚኝ፣ በሞቴ!»

ይርገዱ ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ የቦረቦሩን ቁልቁለት ጀመረች።

ሰዉ ሁሉ ወደ አያ ዘገየ ዞረ። ቃሬዛው መጥቷል፤ ድንጋዩም መጥቷል። ሁለቱም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። አያ ዘገየ ቃሬዛውን አዩት፤ ድንጋዩን አዩት፤ ከዚያ ወርዳ ማዶውን የያዘችውን ሴት አዩና ከዘራቸውን አንሥተው እሳቸውም ወደ ቁልቁለቱ አንድ እርምጃ ሄዱ።

«ርስቱ የአባቷ ነው፤ የምትረግጥበትም የገዛ እግሯ ነው፤ ስለዚህ እኔ ከኋላዋ እሄዳለሁ፤ ድንጋዩንም የምተክለው እሷ ከቆመችበት ነው» አሉ ጮክ ብለው ለሁሉም እንዲሰማ፤ ወደ ተቀመጠውም ሰው ዘወር ብለው፣ «ይህንን ግን እዚሁ ተዉት፤ በሞቴ ሲሉት የጎረሰ፣ በጉልበቱ አለቀሰ።»